በበረሃ ብቻውን የቀረ የባቡር ድልድይ

ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት ስድስት የማኅበራችን አባላት ከአዴሌድ ተነሥተን በሁለተኛው ቀን አልጀባኪና ድልድይ ደረስን። ቦታው በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ፣ ከዊልያም ክሪክ ወደ ኡድናዳታ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ዳር ነው። የሄድነው ለመዝናናት ነበር፤ ይዘን የተመለስነው ግን ለጠቅላላ ጉባኤያችን የሚሆን ቁም ነገር ነው።

በ1892 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ይህ የብረት ድልድይ 578 ሜትር ይረዝማል። በምሰሶዎቹ መካከል 19 ክፍሎች አሉት። በደረስንበት ቀን ከሥሩ ያለው የኒልስ ወንዝ አንድ ኩሬና አሸዋ ብቻ ነበር። "ለዚህች ውኃ ይህ ሁሉ ብረት?" ብለን ተገረምን። ዝናብ ሲጥል ግን ያ ደረቅ ሜዳ በጎርፍ ይሸፈናል።

ሐዲዱ በ1878 ከፖርት ኦገስታ ተጀምሮ ኡድናዳታ የገባው በ1891 ነው። አሊስ ስፕሪንግስ እስኪደርስ ሌላ 38 ዓመት ፈጀ። እስከዚያው ዕቃውን ከኡድናዳታ ወደ ሰሜን በግመል ያጓጉዙ የነበሩት "አፍጋኖች" የተባሉ ስደተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ የመጡት ከዛሬዋ ፓኪስታን ነበር። "ጋን" የተባለው የባቡሩ ስም ከእነርሱ የተወሰደ ነው ይባላል። እኛም ስደተኞች ነንና ይህ ልባችንን ነካው።

ታዲያ መስመሩ ለምን ተተወ? ድልድዩ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ጎርፉ ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያለውን ሐዲድ እየጠረገ ባቡሩን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ያቆመው ነበር። ምስጥም ሐዲዱ የተነጠፈባቸውን እንጨቶች ይበላ ነበር። በመጨረሻ ወደ ምዕራብ ራቅ ብሎ አዲስ ሐዲድ ተዘረጋና በ1980 አሮጌው ተዘጋ።

አባታቸው ድሬዳዋ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል የሠሩ አንዲት እናታችን ብረቱን እየዳሰሱ፣ "የአባቴ እንጀራ የተሠራውን መጠበቅ ነበር፤ ድልድይ ብቻውን ባቡር አያሳልፍም" አሉን።

ሒሳብ ለምንይዝ ሰዎች ይህ ንግግር ግልጽ ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ የመጠባበቂያው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ወደ ብድር ይዙር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ብድር በጉጉት የሚጠብቁ እህቶች እንዳሉን እናውቃለን፤ ሐሳቡም ከቅንነት የመጣ ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ሁለት አባሎቻችን ታመው መክፈል ሲያቅታቸው የሌሎቻችን ብድር ያልተቋረጠው በዚያው መጠባበቂያ ነው። ብድሩ ድልድያችን ከሆነ መጠባበቂያው ግራና ቀኙን የሚይዘው መሬት ነው። እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ይህን እናስብበት።