ጠባቂው፣ ወራሹና ዳኛው፦ አእምሮው የታመመ ሰው የሕግ ጥበቃ በጎጃም ደጋ

በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በጉንደ ወይንና በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች፣ አእምሮው በሕመም ወይም በእርጅና የደከመ ሰው መሬቱም ሆነ ከብቱ በማን እጅ ይደር የሚለው ጥያቄ ከፍርድ ቤት ይልቅ በቤተ ዘመድ ዘንድ ሲወሰን የኖረ ነው። የጽሑፍ ሕግ ይህን ሥልጣን ከዘመድ ወደ ዳኛ ለማዛወር ቢሞክርም፣ ራሱ ሕጉ በገጠር ላለው በሽተኛ የዘመዱን ጥበቃ ዋነኛ ማስረጃ አድርጎ በመቀበሉ፣ ሥልጣኑ በከፊል እዚያው በነበረበት ቀርቷል።

ከጽሑፍ ሕጎች ቀዳሚው ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፃዊው የቅብጥ ሊቅ በአቡ አል ፈዳኢል ኢብን አል አሳል በዐረብኛ የተጠናቀረ፣ በትውፊት ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግእዝ ተመለሰ የሚባል ሲሆን፣ ሥጋዊው ክፍሉ ከቢዛንታይን ሕጎች ብዙ የወሰደ በመሆኑ፣ ያበደ ሰው ውል መዋዋልና መናዘዝ አይችልም፣ ስለዚህም ንብረቱን የሚጠብቅለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል የሚለውን የጥንት ሮማውያን አስተሳሰብ ይዞ መጥቷል። ሮማውያን በአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕጋቸው ያበደውን ሰውና ገንዘቡን በአባት ወገን ላሉ ዘመዶቹ አደራ ይሰጡ ነበር፤ ይህ ሥርዓት ለጎጃም ገበሬ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም። በአካባቢው እንደ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያምና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ ስመ ጥር አድባራትና ገዳማት ቢኖሩም፣ መጽሐፉ በግእዝ የተጻፈና በመምህራን ትርጓሜ የሚነገር ስለነበረ፣ ተራው ሰው የሚያውቀው ሊቃውንቱና ዳኞቹ የሚጠቅሱለትን ያህል ነበር። የዕለት ተዕለቱን ጉዳይ የሚወስነው ልማዱ ነው።

ልማዱ ደግሞ ከርስት ጋር የተሳሰረ ነበር። ርስት፣ ማለትም ከአቅኚ አባት በሚቆጠር የትውልድ ሐረግ የሚገኝ የመሬት ይዞታ፣ ሰው ስላበደ የሚቀር መብት አልነበረም፤ ነገር ግን ርስት የሚገኘውም የሚጸናውም በሸንጎ ቆሞ በመሟገት ስለነበረ፣ ቆሞ መሟገት የማይችል ሰው ድርሻ ወንድሙ ወይም አጎቱ በሚያርሰው መሬት ውስጥ ቀልጦ ለመቅረት የቀረበ ነው። በሽተኛው በበኩሉ ከዘመዱ ቤት ይበላል፣ ይለብሳል፣ ጸበል ይወሰዳል፤ ሕመሙ ሲጸናበትም ጨርቁን ጥሎ እንዳይወጣ፣ ገደል እንዳይገባ ወይም ሰው እንዳይመታ በገመድ ወይም በሰንሰለት ይታሰራል። ይህን ሁሉ ጭካኔ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሆኖም የአእምሮ ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ አንድ ብቻ በነበረበት፣ እርሱም አማኑኤል ሆስፒታል ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከዐባይ በረሃ ማዶ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝበት ዘመን፣ ለገጠሩ በሽተኛ ከዘመድ ሌላ አማራጭ አልነበረም።

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 3347 በውስጡ የተሸፈኑትን ጉዳዮች የሚመለከቱ የቀድሞ ልማዶችን በሙሉ ሻረ። ከቁጥር 339 ጀምሮም አእምሮው ስላልዳበረ፣ ስለታመመ ወይም በእርጅና ስለደከመ የሚሠራው ሥራ የሚያስከትለውን ነገር ለመረዳት የማይችለውን ሰው ከለላ የሚሰጡ ድንጋጌዎችን ዘረጋ። ከለላው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ የሰውየው የአእምሮ ሁኔታ በግልጽ የታወቀ ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ የገባው ውል እርሱ ራሱ፣ ወኪሉ ወይም ወራሾቹ ሲጠይቁ ሊፈርስ የሚችልበት ነው። ሁለተኛው በፍርድ መከልከል ይባላል፤ ይኸውም ፍርድ ቤት የሰውየውን ችሎታ አጥቦ፣ አካሉንና ኑሮውን የሚጠብቅ አሳዳሪ፣ ንብረቱን የሚያስተዳድርና በሕግ ፊት የሚወክለው ሞግዚት የሚሾምበት ሥርዓት ነው።

ለጉንደ ወይን ዓይነቱ አገር ትልቁ ቁም ነገር ያለው «በግልጽ የታወቀ» የሚባለው ሁኔታ በሚረጋገጥበት መንገድ ላይ ነው። በቁጥር 341 መሠረት ሰውየው በሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕሙማን በሚጠበቁበት ተቋም ተኝቶ በሚቆይበት ጊዜ ሁኔታው በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል። አርቃቂዎቹ ግን ገጠሩ እንዲህ ያለ ተቋም እንደሌለው ሳይገነዘቡ አልቀሩም፤ ቁጥር 342 የነዋሪው ብዛት ከ2,000 በታች በሆነበት ቦታ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክሉት ከሆነ፣ ይኸው ራሱ ሕመሙን በግልጽ የታወቀ ያደርገዋል ይላል። በአዲስ አበባ የሆስፒታል መዝገብ የሚመሰክረውን፣ በገጠር የታሰረበት ገመድ ይመሰክረዋል ማለት ነው። በሽተኛውን አስፈርሞ በሬውን የወሰደ ሰው «መታመሙን አላውቅም ነበር» ቢል፣ መንደሩ ሁሉ የሚያየው ነገር ሐሰተኛ ያደርገዋል።

ድንጋጌው የአገሩን ኑሮ የተመለከተ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ነገር ግን የሰውየውን ንብረት የሚጠብቅለት ነጻነቱን ካጣ ብቻ ነው። ያልታሰረውና ሆስፒታልም ያልገባው፣ በገበያ ቀን ከሰው መካከል የሚዘዋወረው ወይም በጸበል ቦታ ለወራት የሚከርመው በሽተኛ ከሁለቱም ድንጋጌዎች ውጭ ይቀራል፤ በቁጥር 347 መሠረት ውሉን ለማፍረስ፣ በተዋዋለበት ሰዓት ጉድለት የሌለበት ፈቃድ ለመስጠት የማይችል እንደነበረ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ያቺን ሰዓት ከዓመት በኋላ በምስክር ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በወረዳ ፍርድ ቤት የተሟገተ ሁሉ ያውቀዋል።

በፍርድ የመከልከሉ ሥርዓትም ከዘመድ የራቀ አይደለም። አቤቱታውን በሽተኛው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ፣ አለዚያም ዐቃቤ ሕግ ሊያቀርብ ይችላል፤ ዳኛው በአቤቱታው ብቻ እንዳይወስን ሰውየው ፊቱ እንዲቀርብ ያዝዛል፣ መቅረብ ካልቻለም በሌላ ሰው እንዲመረመር ያደርጋል። ይህ ግዴታ ከሕጉ መልካም ጎኖች አንዱ ነው። ይሁንና ቁጥር 351 ክልከላው ለበሽተኛው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ለወራሾቹም ጥቅም ሊወሰን እንደሚችል ስለሚፈቅድ፣ በሽተኛውን ያሰረው፣ አቤቱታውን ያቀረበው፣ ሞግዚት ሆኖ የተሾመውና ሲሞት የሚወርሰው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። መሬት ዋነኛ ሀብት በሆነበት በጎጃም ደጋ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። ለጥፋት ኃላፊነት ሲመጣ ደግሞ ይኸው ሕግ በሽተኛውን በከለላ አያልፈውም፤ ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ ጥፋትን እንደማያስቀሩ ደንግጎ፣ ርትዕ ሲያስገድድ ዳኛው ካሳውን እንዲቀንስ ብቻ ይፈቅድለታል።

የወንጀሉ ሕግ በሌላ መንገድ ሄዷል። በስዊሳዊው ዣን ግራቨን የተረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የሚያደርገውን ለመረዳት ወይም ራሱን ለመግዛት ያልቻለ ሰው አይቀጣም ይላሉ። ዳኛው ሲጠራጠር የባለሙያ ምርመራ እንዲያዝዝም ያስገድዱታል። ይህም ማለት ለንብረት ክርክር የመንደሩ ምስክርነት ሲበቃ፣ ለወንጀል ክስ ግን የሐኪም ቃል የግድ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ከሆነ ወዲህ ሽያጭ ቢቀርም ክርክሩ አልቀረም። በአማራ ክልል የመሬት ሕግ ኪራይ፣ ስጦታና ውርስ የተፈቀዱ በመሆናቸው፣ ዛሬ በበሽተኛው ስም የሚፈረመው የኪራይ ወይም የስጦታ ውል ነው፤ በ2009 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ የጸናው የ1998 ዓ.ም. አዋጅ ኪራዩን እስከ 25 ዓመት ፈቅዶ ስለነበረ፣ አንድ ፊርማ የአንድን ሰው ጉልምስና ሙሉ ሊሸፍን ይችል ነበር።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በአንቀጽ 12 የአእምሮ ጉዳተኞች ከሌላው ሰው እኩል የሕግ ችሎታ እንዳላቸው ይቀበላል፤ መንግሥታትም በሰውየው ቦታ የሚወስን ሰው ከመሾም ይልቅ፣ ራሱ እንዲወስን የሚያግዘው ድጋፍ እንዲያዘጋጁለት ይጠበቃል። በዚህ ሚዛን ሲታይ በፍርድ መከልከልም፣ ገመድን እንደ ማስረጃ መቀበልም አብረው ይወድቃሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ድንጋጌዎች ግን ስምምነቱ ከጸደቀ በኋላም በቦታቸው ስለቆዩ፣ ለወንድሙ መሬት ሲል ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚወጣ ገበሬ የሚጽፈው አቤቱታ የሚያነሳው ቁጥር 351ን እንጂ አንቀጽ 12ን አይደለም።