በሁለት ማግኔቶች መካከል ያለው ባዶ ቦታ
የመስክ ሐሳብ አወላለድና ዕድገት

ሁለት ማግኔቶች ሳይነካኩ ይሳሳባሉ፤ ፊታቸው ሲለዋወጥም ይገፋፋሉ። በመካከላቸው እጅ ቢያልፍ የሚዳስሰው፣ ዓይን ቢመለከት የሚያየው ነገር የለም። ታዲያ የአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው የሚደርሰው በምን ተሸጋግሮ ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። ሆኖም የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ታላላቅ ሊቃውንት በሁለት ወገን ተሰልፈው ለረዥም ዘመን የተከራከሩበት ይኸው ጥያቄ ነበር። ከክርክሩም ዛሬ የኤሌክትሪክ መሐንዲሱና የፊዚክስ መምህሩ በየዕለቱ የሚሠሩበት «መስክ» የተባለው ሐሳብ ተገኘ። ሐሳቡ የፈለቀው ከሒሳብ ሊቃውንት ሳይሆን፣ የሒሳብ ትምህርት ካልነበረው የእጅ ሙያተኛ አእምሮ መሆኑ ታሪኩን ለሙያው ባልደረቦች ልዩ ያደርገዋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኒውተን እስከ አምፔር

ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ፀሐይና ፕላኔቶች እንዴት እንደሚሳሳቡ በሒሳብ አሳየ፤ ስበቱ በመካከሉ ያለውን ርቀት በምን እንደሚሻገር ግን አልተናገረም። አንድ አካል ያለ አንዳች አስተላላፊ በሌላው ላይ ከሩቅ ይሠራል የሚለውን አስተሳሰብ እርሱ ራሱ በ1693 በጻፈው ደብዳቤ ከአእምሮ ውጭ የሆነ ነገር አድርጎ ቆጥሮታል። የሒሳቡ መሳካት ግን ተከታዮቹን ጥያቄውን አስረሳቸው። ፈረንሳዊው ኩሎምብ በ1785 በኤሌክትሪክ ቻርጆች መካከል ያለው ጉልበት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ አራተኛ እንደሚወርድ በልኬት አረጋገጠ። የኒውተን ሕግ በኤሌክትሪክም ውስጥ ስለ ተገኘ፣ ጉልበት በርቀት ይሠራል፤ ቀመሩ ከታወቀም ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም የሚለው እምነት ሥር ሰደደ።

በ1820 የኮፐንሀገኑ ፕሮፌሰር ኤርስቴድ ከባትሪ የሚመጣ ኮረንቲ የሚያልፍበትን ሽቦ ወደ ኮምፓስ መርፌ ሲያቀርብ መርፌዋ ዞረች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 ቀን በላቲን ቋንቋ የታተመችው የአራት ገጽ ጽሑፉ አውሮፓን አነቃነቀች። ኤሌክትሪክና ማግኔት መገናኘታቸው ብቻውን አስደናቂ ነበር፤ ይበልጥ ያስቸገረው ግን የመርፌዋ አቅጣጫ ነው። ሽቦው መርፌዋን ወደ ራሱ አልሳባትም፤ ከራሱም አልገፋትም፤ ወደ ጎን አዞራት እንጂ። የማግኔቱ ውጤት ሽቦውን እንደ ቀለበት ይከበዋል ማለት ነው። ከኩሎምብ ሕግ ጋር የለመደ አእምሮ ይህን ለመቀበል ተቸገረ።

ወሬው ፓሪስ በደረሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አምፔር ሁለት ትይዩ ሽቦዎች ኮረንቲያቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ እንደሚሳሳቡ፣ በተቃራኒ ሲሄድ እንደሚገፋፉ አሳየ። ከዚያም የሽቦዎቹን እያንዳንዱን ጥቃቅን ክፍል በቀጥተኛ መስመር የሚያገናኝ ጉልበት መሠረት አድርጎ ጠቅላላውን ነገር በቀመር አሰረው። ቀመሩ ከሙከራው ጋር ተስማማ። በሽቦዎቹ መካከል ስላለው ቦታ ግን አሁንም የሚለው ነገር አልነበረም።

የመጽሐፍ ጠራዡ

ማይክል ፋራዴይ በ1791 በለንደን አጠገብ ከአንጥረኛ አባት ተወለደ። የትምህርት ቤት ዕድሉ ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመቁጠር ብዙም አላለፈም። በ14 ዓመቱ በመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ለሙያ ገብቶ ሰባት ዓመት ሲያገለግል ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት ያነብ ነበር። በ1812 የኬሚስቱን የሐምፍሪ ዴቪን ንግግሮች ተከታትሎ ማስታወሻውን በእጁ ጠርዞ ላከለት፤ በ1813ም በሮያል ኢንስቲትዩሽን የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

ነሐሴ 29 ቀን 1831 ፋራዴይ ስፋቱ 15 ሴንቲሜትር ያህል በሆነ የብረት ቀለበት በአንዱ ጎን አንድ ጥቅል ሽቦ፣ በሌላውም ጎን ሌላ ጥቅል ሽቦ ጠመጠመ። አንዱን ከባትሪ፣ ሌላውን ከማግኔት መርፌ በላይ ከሚያልፍ ሽቦ ጋር አገናኘ። ባትሪው በተገናኘበት ቅጽበት መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፤ ወዲያው ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ባትሪው ሲለያይም ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ዘለለች። በመካከሉ፣ ኮረንቲው ሳይቋረጥ በሚፈስበት ጊዜ፣ ምንም አልታየም። ከእርሱ በፊት የሞከሩ ሌሎች የጠበቁት የማያቋርጥ ውጤት ነበር፤ ኮረንቲን የሚወልደው ግን የማግኔቱ መኖር ሳይሆን መለወጡ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 17 ቀን ማግኔቱን ራሱን በጥቅል ሽቦ ውስጥ በማስገባትና በማውጣት ይህንኑ አገኘ። ጥቅምት 28 ቀንም የመዳብ ዝርግ ክብ በትልቅ ማግኔት ጫፎች መካከል በማዞር የማያቋርጥ ኮረንቲ አመነጨ። የዛሬው ትራንስፎርመር የዚያ ቀለበት፣ ጄኔሬተርም የዚያ ክብ ዘር ነው፤ በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ኃይል ማመንጫም በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው።

ፋራዴይ ያየውን የሚገልጽበት ቀመር አልነበረውም፤ ሥዕል ግን ነበረው። በማግኔት ላይ ወረቀት ዘርግቶ የብረት ብናኝ ቢነሰንስበት ብናኙ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በሚዞሩ ጥምዝ መስመሮች ይሰለፋል። እነዚህን «የጉልበት መስመሮች» አላቸው። መስመሮቹ በተጠጋጉበት ጉልበቱ ይበረታል፤ በተራራቁበት ይደክማል። ሽቦ መስመሮቹን ሲቆርጥ ኮረንቲ ይወለዳል፤ የኮረንቲው መጠንም በተቆረጡት መስመሮች ብዛት ይወሰናል። የኤሌክትሪክ መስመሮች ከአወንታዊ ቻርጅ ተነሥተው በአሉታዊ ቻርጅ ያበቃሉ፤ የማግኔት መስመሮች ግን በማግኔቱ ውስጥ አልፈው በራሳቸው ላይ ስለሚዘጉ መጀመሪያም መጨረሻም የላቸውም። በ1845 «መግነጢሳዊ መስክ» የሚለውን ቃል ሲጠቀም፣ መስመሮቹ የማስተማሪያ ሥዕል ብቻ እንዳልሆኑ፣ በማግኔቱ ዙሪያ ያለው ቦታ ራሱ በአንድ ልዩ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ወደ ማመን ደርሶ ነበር።

የሒሳብ ሰዎች በዚህ አልተማረኩም። የእንግሊዝ መንግሥት የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበረው ኤሪ በ1855 በጻፈው ደብዳቤ፣ በርቀት በሚሠራ ጉልበት የሚደረገው ስሌት ከልኬት ጋር እንዴት እንደሚገጥም የሚያውቅ ሰው ያን ግልጽ ነገር ትቶ የተድበሰበሰውን የጉልበት መስመር ይመርጣል ብሎ ማሰብ እንደሚያስቸግረው ገልጿል። የፋራዴይን ሙከራ ሁሉም ያከብር ነበር፤ ሐሳቡን ግን ሒሳብ ያልተማረ ሰው ምርኩዝ አድርገው ቆጠሩት።

ቀመር ያገኘ ሥዕል

በዚያው በ1855 ከካምብሪጅ የተመረቀው የ24 ዓመቱ ስኮትላንዳዊ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ስለ ፋራዴይ የጉልበት መስመሮች የመጀመሪያ ጽሑፉን አነበበ። ማክስዌል ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፉትን የሒሳብ ድርሳናት ከማጥናቱ በፊት የፋራዴይን የምርምር መዝገብ አንብቦ ለመጨረስ ወስኖ ነበር። ሲያነብም የፋራዴይ አስተሳሰብ በምልክት አይጻፍ እንጂ በእርግጥ የሒሳብ አስተሳሰብ መሆኑን ተረዳ። የ65 ዓመቱ ሽማግሌ ጽሑፉ ሲደርሰው ያ ሁሉ የሒሳብ ኃይል በነገሩ ላይ መዝመቱን አይቶ በመጀመሪያ ሊፈራ እንደ ነበር፣ ኋላ ግን ሐሳቡ ያን ችሎ መቆሙ እንዳስደነቀው በ1857 መለሰለት።

ማክስዌል በ1861 ወሳኙን እርምጃ ወሰደ። የሚለወጥ መግነጢሳዊ መስክ የኤሌክትሪክ መስክን ይወልዳል፤ ይህ የፋራዴይ ግኝት ነው። ማክስዌል ተገላቢጦሹን ጨመረ፤ የሚለወጥ የኤሌክትሪክ መስክም ሽቦና ኮረንቲ በሌለበት እንኳ መግነጢሳዊ መስክን ይወልዳል። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ መስኮች እየተወላለዱ እንደ ሞገድ ይጓዛሉ ማለት ነው። ፍጥነቱን በ1856 ቬበርና ኮልራውሽ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ብቻ ከለኩት ቁጥር ሲያሰላ በሴኮንድ 310,740 ኪሎሜትር ሆነ። ፊዞ በ1849 በጥርሳም መንኮራኩርና በመስታወት የለካው የብርሃን ፍጥነት ወደ 315,000 ኪሎሜትር ነበር። ዛሬ ትክክለኛው መጠን 299,792 ኪሎሜትር መሆኑ ይታወቃል፤ ሆኖም የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን ለማክስዌል አስረዳው። የመስኩን ጠቅላላ ንድፈ ሐሳብ በ1865 በሃያ እኩልታዎች አሳተመ፤ ኋላ ሄቪሳይድ ዛሬ ተማሪዎች ወደሚያውቋቸው አራት እኩልታዎች ጠቅልሏቸዋል።

ክርክሩን የፈታው ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርትዝ ነው። በ1887 እና በ1888 በካርልስሩኸ ከተማ ከአንድ የእሳት ብልጭታ የተነሣውን ሞገድ ራቅ ብሎ በቆመ የሽቦ ቀለበት ተቀበለ፤ ሞገዱን በብረት ዝርግ አንጸባረቀ፤ ርዝመቱንም ለካ። ሞገዱ ለመድረስ ጊዜ የሚፈጅበት ከሆነ፣ ማክስዌል በ1873 መጽሐፉ መጨረሻ ያነሣው ጥያቄ መልስ ይሻል፤ ከላኪው የወጣ፣ ተቀባዩ ዘንድም ገና ያልደረሰ ኤነርጂ በመካከሉ ጊዜ የሚቀመጠው የት ነው? በርቀት በሚሠራ ጉልበት ለሚያምን መልስ የለም። የመስክ መልስ ግን ግልጽ ነው፤ ኤነርጂው ያለው ባዶ በሚባለው ቦታ ውስጥ ነው። ፋራዴይ በ1867፣ ማክስዌልም በ1879 በ48 ዓመቱ ስላረፉ ይህን ፍርድ አልሰሙም። ማክስዌል መስኩን የሚሸከም «ኤተር» የተባለ ረቂቅ ነገር አለ ብሎ ያምን ነበር፤ በ1905 የአይንስታይን ጽሑፍ ኤተርን አላስፈላጊ ሲያደርገው መስኩ ያለ ተሸካሚ ራሱን ችሎ ቆመ።

በሽቦ ዙሪያና በሰማይ ላይ

የዚህን ውጤት ጥልቀት የኤሌክትሪክ ሙያተኛ በየቀኑ ይገለገልበታል። በመብራት ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ወደፊት የሚያዘግሙት በሴኮንድ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው፤ መብራቱ ግን ማብሪያው እንደ ተጫነ ይበራል። ፖይንቲንግ በ1884 እንዳሳየው ኤነርጂው የሚጓዘው በሽቦው ዙሪያ ባለው መስክ ውስጥ ነው፤ ሽቦው መሪ እንጂ ቧንቧ አይደለም።

ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። የምድር መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ሳያዘቀዝቅ አግድም የሚተኛበት መስመር፣ ማለትም የማግኔት ምድር ወገብ፣ በአገሪቱ ላይ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። ለዚህም ነው በ1957 እና በ1958 ለተካሄደው የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቁሞ በካናዳዊው በአባ ፒየር ጉዋን መሪነት የመስኩን ለውጥ መመዝገብ የጀመረው። በዚህ መስመር ላይ ከመሬት 100 ኪሎሜትር በሚበልጥ ከፍታ በቀን ብርሃን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ ኮረንቲ አለ፤ በእኩለ ቀን አካባቢ የኦብዘርቫቶሪው መሣሪያ መስኩ ከፍ ማለቱን ይመዘግባል። ነገሩ የኤርስቴድ ሙከራ ነው፤ ሽቦው የሰማይ ጠፈር፣ መርፌዋም አዲስ አበባ ሆነዋል።

ፋራዴይ በ1857 መጨረሻ ለማክስዌል በጻፈው ሌላ ደብዳቤ አንድ ጥያቄ አቅርቦ ነበር። የሒሳብ ሰው ምርምሩን ጨርሶ ወደ መደምደሚያው ሲደርስ፣ በሙከራ የሚደክሙ ሰዎች እንዲሠሩበት ውጤቱን በተራ ቋንቋ ሊገልጽላቸው አይችልምን? የመስክ ታሪክ ለጥያቄው መልስ ይሰጣል። የፋራዴይ ሥዕል ማክስዌልን ባያገኝ የመጽሐፍ ጠራዥ ምናብ ሆኖ በቀረ ነበር፤ የማክስዌልም ቀመር የፋራዴይ ሥዕል ባይቀድመው መነሻ ባላገኘ ነበር። በላቦራቶሪና በመስክ ሥራ የሚደክመው ባለሙያ ያየውን በድፍረት ሲናገር፣ ንድፈ ሐሳብ የሚያውቀው ደግሞ በአክብሮት ሲያዳምጠው፣ ሙያው ያድጋል። የአንድ የሙያ ማኅበር ተግባርም ሁለቱን በአንድ ገበታ ዙሪያ ማገናኘት ነው።