በድሬዳዋ አጠገብ የሚገኘው የቅድመ ታሪክ ዋሻና የተማሪዎች የእግር ጉዞ

ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የደቻቱን ሸለቆ ተከትሎ የተጓዘ ሰው ገደላማ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ይገጥመዋል። በሊቃውንት ዘንድ «ፖርክ ኤፒክ» ተብሎ የሚታወቀው ዋሻ የሚገኘው በዚህ ኮረብታ ላይ፣ ከሸለቆው 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ስያሜው በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ዳገቱ ተማሪን ያደክማል፤ ይሁን እንጂ ከዋሻው አፍ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት፣ ጥንታውያን አዳኞች ሥፍራውን ስለምን እንደ ወደዱት ለማስረዳት መምህሩ ብዙ መድከም አያሻውም።

ዋሻውን እ.ኤ.አ. በ1929 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቁት ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ናቸው። በ1933 በተደረገው ቁፋሮ የሰው መንጋጋ ስባሪ ተገኘ። ጥናቱ በ1974 በዴዝሞንድ ክላርክ፣ በ1975 እና በ1976 ደግሞ በኬኔት ዊልያምሰን ቀጠለ።

የድንጋይ ዘመን ሰው በመማሪያ መጻሕፍት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ከሆዱ በቀር ሌላ አሳብ ያልነበረው ይመስላል። የዚህ ዋሻ ግኝት ግን ይህን አመለካከት አይደግፍም። ከመሣሪያዎቹ መካከል አንዳንዶቹ የተሠሩበት ባልጩት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚገኙት ከአሰቦትና ከአየሉ የመጣ ነው። 40,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ካለው የዋሻው ንጣፍ ደግሞ 4,213 የቀይ አፈር ድንጋይ ስባሪዎች፣ በክብደት 40 ኪሎ ግራም የሚሆኑ፣ ከመፍጫ ድንጋዮች ጋር ተገኝተዋል። ከእነዚህም ሌላ እስከ ግማሹ ድረስ በቀይ ቀለም የተነከረ አንድ ድቡልቡል ጠጠር አለ፤ ለማኅተም ወይም ለመቀባት ያገለገለ ይመስላል። ይህ ለምግብነት የሚውል ነገር አይደለም።

የቀለሙ ድንጋይ ጥናት በ2017 ታትሞ ሊወጣ የቻለው ቆፋሪዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት የእያንዳንዱን ስባሪ ሥፍራና ጥልቀት መዝግበው ስለነበር ነው። ቀለም በየትኛው የዋሻው ክፍል ይፈጭ እንደነበር የታወቀው ከዚሁ መዝገብ ነው። በጉዞ ላይ አንድ ተማሪ ስለታም ባልጩት አንሥቶ ወደ ኪሱ ሲከት፣ ተማሪው በቅንነት ያደረገው ቢሆንም፣ ድንጋዩ የወደቀበትን ሥፍራ ምስክርነት ያጣል፤ ከዚያ በኋላ በመማሪያ ክፍል መስኮት ላይ ቢቀመጥ ከተራ ጠጠር አይሻልም። ስለዚህ መምህሩ ከመውጣቱ በፊት ለተማሪዎቹ ወረቀትና እርሳስ ያድላቸው። ያዩትን ድንጋይ ሳያነሡ ከነአቀማመጡ ይሣሉት፤ ከዋሻው አፍ ያለውንም ርቀት በእርምጃ ለክተው ይጻፉ። ድንጋዩን በእጃቸው ለመዳሰስ የሚሹ ተማሪዎች ካሉ፣ ባልጩት ሲሰበር ምን ያህል እንደሚሳል መምህሩ ከሌላ ሥፍራ ባመጣው ስባሪ ሊያሳያቸው ይችላል።