ጅቡቲ የሄደችበት፣ እኛ የቀረንበት ኦሎምፒክ

የአገር ትንሽነትና ትልቅነት በምን ይለካል? በቆዳ ስፋት፣ በሕዝብ ብዛት የሚለው መልስ ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው። ሦስት ሺህ ዘመን እያልን በታሪክ ርዝመት የምንለካም አለን። እኔ ግን ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ በአንድ ዓመት ውስጥ የተካሄዱ የሁለት ማራቶኖች ውጤቶች ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ስለ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ስለ ጅቡቲና ስለ ኢትዮጵያ፣ አንድ ቁም ነገር ያገኛል።

የመጀመሪያው የሮተርዳም ማራቶን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1988፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ነበር፤ የዳግማ ትንሣኤ እሑድ። በዚያ ዕለት ኢትዮጵያዊው በላይነህ ዲንሳሞ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ17 ሰከንድ ብቻ ተበልጦ ሁለተኛ የወጣው የጅቡቲው አህመድ ሳላህ ነበር። ሁለቱም ከሦስት ዓመት በፊት ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ እዚያው ሮተርዳም ላይ ካስመዘገበው ክብረ ወሰን ፈጥነው ገቡ። እንግዲህ በዚያ እሑድ ማታ በዓለም የማራቶን መዝገብ ላይ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው የሰፈሩት አንድ የባቡር ሐዲድ የሚያገናኛቸው የሁለት አገሮች ልጆች ነበሩ።

ሁለተኛው የሴኡል ኦሎምፒክ ማራቶን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1988፣ መስከረም 22 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ከሮተርዳሙ ውድድር አምስት ወር ተኩል በኋላ ማለት ነው። አንደኛ ጣሊያናዊው ጄሊንዶ ቦርዲን፣ 2፡10፡32። ሁለተኛ ኬንያዊው ዳግላስ ዋኪሁሪ፣ 2፡10፡47። ሦስተኛ አህመድ ሳላህ፣ 2፡10፡59። የክብረ ወሰኑ ባለቤት ስም በዚህ ውጤት ውስጥ የለም። ከአሸናፊዎቹ መካከል ብቻ ሳይሆን ከተሰለፉትም መካከል የለም። አገሩ ወደ ሴኡል አልሄድም ብላ ነበርና መላው የኢትዮጵያ ቡድን ቀርቷል።

እስኪ ጅቡቲን እንመልከት። ነጻነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በኦሎምፒክ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በ1984 በሎስ አንጀለስ ሲሆን፣ በዚያው ጨዋታ ጃማ ሮብሌ የተባለው ልጇ በማራቶን ስምንተኛ ወጥቶላታል። በ1985 ሂሮሺማ ላይ በተካሄደው የዓለም የማራቶን ዋንጫ አህመድ ሳላህ አንደኛ፣ ሮብሌ ሦስተኛ ወጡ፤ የቡድኑንም ድል ጅቡቲ ወሰደች። ያን ጊዜ የሕዝቧ ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ነበር። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የእኛ ቁጥር ከ42 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር። ሴኡል ላይ የተገኘው ነሐስ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ የጅቡቲ ብቸኛ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ሆኖ ቆይቷል። ትንሿ አገር ያላትን ይዛ ሄደች፤ ትልቋ ያላትን ቤት አስቀመጠች።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት ከሴኡል ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1988 ከተካሄዱት አራት የበጋ ኦሎምፒኮች የተገኘችው በአንዱ፣ በ1980ው የሞስኮ ኦሎምፒክ ብቻ ነው። በሦስቱ ቀርታለች። ብዙ ሰዎች ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልለው «የደርግ ዘመን ቦይኮት» ይሏቸዋል። እንደ ታሪክ ተማሪ ይህን አልቀበለውም፤ ሦስቱ በምክንያትም በክብደትም የተለያዩ ናቸውና።

የ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ሲቃረብ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ይጫወት ነበር። የሶዌቶ ተማሪዎች በጥይት ከረገፉ ገና አንድ ወር ቢሆን ነው። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከኦሎምፒኩ እንድትታገድ ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ራግቢ የኦሎምፒክ ስፖርት አይደለም ብሎ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ፤ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮችም ጨዋታውን ጥለው ወጡ። ዋጋው ቀላል አልነበረም። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር በብቃቱ ዘመን አንድ ሙሉ ኦሎምፒክ አለፈው። የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ጠቅልሎ ወሰደ። ቢሆንም የ1976ቱን ውሳኔ ዛሬም ቆሜ እከራከርለታለሁ። ተበዳዩ ይታወቃል፣ በዳዩም ይታወቃል፣ ውሳኔውም አፍሪካውያን ስለ አፍሪካ የወሰኑት ነበር።

የ1984ቱ ከዚህ ይለያል። በ1980 አሜሪካና ወዳጆቿ ሞስኮን አንረግጥም ስላሉ፣ ሶቪየት ኅብረትና ወዳጆቿ በተራቸው ሎስ አንጀለስን አንረግጥም አሉ። ጠቡ የሁለት ኃያላን ብድር መመላለስ ነበር። ከዚያው ጎራ የነበረችው ሩማንያ እንኳ ትእዛዙን ጥሳ ሄዳ 20 ወርቅ ይዛ ተመለሰች። እኛ ግን ቀረን። ጊዜው 1976 ዓ.ም. ሐምሌና ነሐሴ ነበር። በጥቅምት 1977 በያኔው የወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም የተቀረጸው የረኀብ ፊልም በዓለም ቴሌቪዥኖች ታየ፤ የአገራችንም መልክ ለብዙ ዓመታት ያ ሆነ። ሜዳሊያ ረኀብ ያስታግሣል የሚል ሞኝነት የለኝም። ነገር ግን ዓለም በዚያ ዓመት ሊያይልን ይችል የነበረውን ሌላ መልክ በገዛ እጃችን እንደሸፈንነው መካድ አይቻልም።

ሦስተኛው የሴኡሉ ነው። ሰሜን ኮሪያ ጨዋታውን ከደቡብ ኮሪያ ጋር በእኩልነት ላዘጋጅ አለች። ለዓመታት ድርድር ተደረገ፤ ጥቂት የውድድር ዓይነቶች ቀረቡላት፤ አልተስማማችም፤ በመጨረሻ ቀረች። ኩባና ኢትዮጵያም አብረዋት ቀሩ። የሚያስገርመው ሌላው ወገን ያደረገው ነው። ሶቪየት ኅብረት ገና በ1988 መጀመሪያ እሄዳለሁ ብላ አስታወቀች፤ ሄዳም በ55 ወርቅ አንደኛ ሆነች። ምሥራቅ ጀርመን በ37 ወርቅ ተከተለቻት። ቻይናም ሄደች። የጎራው አለቆች በሙሉ ሴኡል ሲገቡ፣ ለጎራው ክብር ብላ ደጅ የቀረችው ኢትዮጵያ ነበረች። ምክንያቱ ምን ነበር? ከፒዮንግያንግ ጋር የነበረው ወዳጅነት ነው። በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ የቆመውን የትግላችን ሐውልት ያየ ሰው የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችን እጅ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ታሪክ ሌላም ምፀት ጨምሮበታል። ሴኡል ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1951 የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘምቶ በተከታታይ ተተኪ ሻለቆች ከደቡብ ጎን ተዋግቷል፤ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያንም ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። አትሌቶቻችን በ1988 ሴኡል ቢገቡ ኖሮ አባቶቻቸው ደም በከፈሉበት አገር ባንዲራቸውን ያውለበልቡ ነበር። አንድ መንግሥት ደም ሲያስከፍልበት፣ ቀጣዩ በወዳጅነት ስም እግር ነሣው። በሁለቱም ጊዜ ዋጋውን የከፈለው ያልተጠየቀው ሰው ነው።

ውድ አንባቢ፣ ነገሩ ስለ ሩጫ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ጊዜ ወደ ትውልድ ቀዬዬ ልመለስ። ያደግሁት በወግዲ ነው፤ ከደጋው ሜዳ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ በሚወረድበት፣ ማዶው ጎጃም በሆነበት አገር። የሴኡል ኦሎምፒክ ሲካሄድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከእኩዮቻችን መካከል ሮጦ የሚቀድመንን ልጅ «ምሩጽ» እንለው ነበር፤ ታላላቆቻችን ደግሞ «አበበ ቢቂላ» ይሉት ነበር። «በላይነህ» ሲባል የሰማሁት ልጅ ግን አንድም የለም። በዓለም ላይ ከእርሱ የፈጠነ የማራቶን ሯጭ ያልነበረው የአገራችን ሰው በሕይወት እያለ፣ ያውም ክብረ ወሰኑን በሰበረበት ዓመት፣ እኛ ልጆቹ ስሙን አናውቀውም ነበር። ዛሬ የማስተምራቸውን ተማሪዎች ስጠይቅም የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። የሕዝብ ትዝታ የሚጻፈው በኦሎምፒክ ነው፤ በላይነህን ከዚያ መጽሐፍ ያስወጣው ደግሞ ቢሮ ውስጥ የተደረሰ ውሳኔ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1977 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ፣ የወሎ ገበሬ ወደማያውቀው ቆላ ለሰፈራ ይጫን ነበር። የገበሬውን መከራ ከሯጩ እድል ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም፤ ነውር ይሆናል። ውሳኔዎቹ የተወለዱበት ልማድ ግን አንድ ነበር። ከላይ ተወሰነ፤ ከታች ተፈጸመ። ባለ ጉዳዩ ምን ትላለህ አልተባለም። ገበሬው ስለ መሬቱ፣ ሯጩ ስለ እግሩ እኩል ዝም ተባሉ።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ቢሄድስ እንደሚያሸንፍ በምን ታውቃለህ?» ይባላል። አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ማራቶን ክብረ ወሰን የማይታዘዘው ውድድር ነው። ሴኡል ላይ ሜዳሊያ የወሰዱት ሦስቱ ሰዎች ከአንድ ዓመት በፊት በሮሙ የዓለም ሻምፒዮናም ሦስቱን ሜዳሊያዎች የወሰዱት ራሳቸው ነበሩ፤ ተራቸው ብቻ ተለዋወጠ። በላይነህ በመካከላቸው ቢኖር አራተኛም ሊወጣ ይችል ነበር። በሌላ በኩል በ1986 ሞስኮ ላይ በተካሄደው የመልካም ፈቃድ ጨዋታዎች፣ በ1987 ደግሞ በናይሮቢው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች ማራቶኑን ያሸነፈው እርሱ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። የመልካም ፈቃድ ጨዋታዎች የተፈጠሩትም የኦሎምፒክ ቦይኮቶች ያቆሰሉትን ስፖርት ለመጠገን ነበር። የተወሰደበት ነገር ወርቅ ነው አልልም። የተወሰደበት መሞከር ነው። ክብረ ወሰኑ እስከ 1998 ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሰበር መቆየቱ የጠፋውን ዕድል ክብደት ይበልጥ ያሳየናል።

ታዲያ የ1976ቱን እየደገፍሁ የ1988ቱን የምነቅፈው በምን መመዘኛ ነው? በሦስት ጥያቄዎች። መቅረታችን የሚጠቅመው ተበዳይ ማን ነው? ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የወሰነውስ ማን ነው? ለሞንትሪያሉ ሦስቱም መልስ አላቸው። ለሴኡሉ ግን ተበዳይ ተብሎ የሚጠራው የፒዮንግያንግ መንግሥት ነው፤ ዋጋ ከፋዩ በላይነህና ጓደኞቹ ናቸው፤ የወሰኑት ደግሞ ሮጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

የሞንትሪያሉ ዋጋ ፍሬ ማፍራቱን እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ አየነው። አፓርታይድ ሲፈርስ ደቡብ አፍሪካ ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦሎምፒክ ተመለሰች፤ እኛም ከ12 ዓመት በኋላ ተመለስን። በ10 ሺህ ሜትር ደራርቱ ቱሉ አንደኛ፣ ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ሁለተኛ ወጡ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። የምሩጽ የሞንትሪያል መቅረት ከዚያ ዙር ጋር የሚገናኝ ክር አለው። የበላይነህ የሴኡል መቅረት ግን ከምን ጋር እንደሚገናኝ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ጅቡቲ ያን ዕለት ከእኛ አልበለጠችም፤ ልጇ በሮተርዳም ከእኛው ልጅ ኋላ ነበር። ነገር ግን በራሷ ስም ተሰልፋ፣ በራሷ ልጅ እግር ሮጣ፣ የራሷን ነሐስ ወሰደች። እኛ በሰው ጠብ ቀረን። አገር የሚያንሰው ድምፁን ለሌላ ባዋሰ ጊዜ ነው፤ ያዋሰውም የገዛ ልጆቹን አፍ ዘግቶ ከሆነ ውርደቱ እጥፍ ይሆናል። ነገም በሕዝብ ስም «አንሄድም» ወይም «እንሄዳለን» የሚል ሰው ሲነሣ፣ እግሩ የማን እንደሆነ አስቀድመን እንጠይቅ።

ቸር እንሰንብት።