ከአጋዘን ቀንድ እስከ ቤዝ ክራር



የሙዚቃ መሣሪያ ታሪክ ሲነገር ተጫዋቹ ይወሳል፤ ሠሪው ግን እምብዛም አይነሣም። ዛሬ የማነሣው ጥቂት መሣሪያ ብቻ ይዞ በቤቱ የኤሌክትሪክ ቤዝ የሚሠራውን ሰው ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ስናር ያመራው፣ ዛሬ ገንዳ ውሃንና መተማን በምናገኝበት ቆላ በኩል ነበር። ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ለቻርልስ በርኒ በላከውና በ1776 በታተመው ደብዳቤ፣ ስለ ክራር ወገን መሣሪያዎች አንድ ቁም ነገር አስፍሯል። ሁለቱ ክንዶች ቀድሞ ከአጋዘን ቀንድ ይሠሩ ነበር፤ ጠመንጃ ገብቶ አጋዘኑ ሲመናመን ሠሪዎቹ ወደ እንጨት ዞሩ፤ እንጨቱንም እንደ ቀንዱ ጠምዝዘው ይቀርጹት ጀመር። ከዚያ ወዲህ የጅማቱንም ቦታ ናይሎንና የብረት ሽቦ ወስደውታል። እንግዲህ ክራር ምንጊዜም ከተገኘው ነገር የሚሠራ መሣሪያ ነው።

ወደ ቤዙ ልመለስ። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ቤዝ ጊታር «ፕሪሲዥን» ተባለ፤ ትክክለኛነት ማለት ነው። ስሙን ያገኘው አንገቱ ላይ ከተተከሉት ፍሬቶች ነው። በቤት ለሚሠራ ሰው ትልቁ ፈተና ይኸው ነው፦ እያንዳንዱ ፍሬት ከቀሪው የአውታር ርዝመት 18ኛውን ያህል እየቀነሰ መተከል አለበት፤ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ቢል ድምፁ ይዛነፋል። በመጋዝና በሞረድ ብቻ ይህን ማሳካት እጅግ አድካሚ ነው።

ቤዝ ክራር ግን ፈተናውን ጨርሶ አያውቀውም። የክራር አውታር በፍሬት አይከፈልም፤ ትዝታም ሆነ ባቲ ቅኝቱ በአምስት ወይም በስድስት አውታሮች ላይ ይቃኛል፤ ልኩን የሚወስነው የአድማጭ ጆሮ ነው። ድምፁን አንድ ኦክታቭ ለማውረድ ውጥረቱን ሳይለውጡ አውታሩን በርዝመት ወይም በውፍረት እጥፍ ማድረግ ይበቃል። የሚቀረው ኤሌክትሪኩ ነው፤ እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ማግኔትና የመዳብ ጥቅል የሚሰሙት የብረት አውታርን ብቻ ነው። ናይሎን ለወጠረ ሠሪ፣ ንዝረቱን ከእንጨቱ የሚቀበል ፒዬዞ ያስፈልገዋል።

ቤዝ ክራርን «ባህል ያበላሸ» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። በዚያ ሚዛን ከሄድንማ የመጀመሪያው አበላሽ ቀንዱን በእንጨት የተካው ሰው በሆነ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ የዛሬዎቹ ሠሪዎች ልክና ብልሃት በጽሑፍ እየሰፈረ አይደለም፤ ቀንዱን የምናውቀው አንድ መንገደኛ ስለጻፈው ነው።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ሜትር ይዛችሁ ወደ ሠሪዎቹ ሂዱ። የአውታሩን ርዝመትና ውፍረት፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ ማግኔቱ ከየትኛው አሮጌ ዕቃ እንደተፈታ መዝግቡ። ድንበሩን ተሻግሮ በሱዳን የሚገኘውን የክራር ዘመድ፣ ጠምቡርንም አትርሱት። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።