ከጋኑ እስከ ሳጥኑ፦ የድግስ መጠጥ ሒሳባችን እንዴት ተለወጠ?

ባለፈው ጥር ለሠርግ ብድር ከጠየቁን የማኅበራችን እኅቶች ጋር ቁጭ ብለን ወጪያቸውን ስንጽፍ አንድ ነገር ደጋግሞ ገጠመን። የበሬው ዋጋ ይታወቃል፤ የበርበሬው፣ የቅቤው፣ የድንኳኑ ኪራይም ይታወቃል። መጠጡ ላይ ስንደርስ ግን «ቢራው እንደ ሰዉ ነው፤ እሱ አይቆጠርም» የሚል መልስ እንሰማለን። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ዕዳ ሆኖ የቀረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያው ያልተቆጠረው ነው። እናቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። መጠጡን ከሁሉ አስቀድመው ይቆጥሩት ነበር። ያ ሒሳብ እንዴት ይሠራ እንደነበርና የት ላይ እንደ ተቋረጠ ማወቁ ይጠቅመናል ብለን ይህችን ጽፈናል።

በድሮው ሸዋ ለመጠጥ ወሰን የሚያበጅለት አቅም ብቻ አልነበረም፤ ማዕረግም ነበር። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የዘር ሐረጋቸው ከመንዙ ነጋሢ ክርስቶስ ይመዘዛል። በእሳቸው ዘመን አንኮበርን የጎበኙ አውሮፓውያን እንደ ጻፉት፣ ጠጅ መጣል የንጉሡ መብት ስለነበር ሌላው ሰው ያለ ፈቃድ አይጥልም። ማሩ ግብር ሆኖ ይገባል፤ ጠጁ በግቢ ይጣላል፤ ከዚያ ለመኳንንቱና ለወታደሩ እንደየማዕረጉ ይታደላል። የባላገሩ መጠጥ ጠላ ነበር።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግብሩ እጅግ ሰፋ። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ በኋላ እቴጌ የሆኑት ጣይቱ ብጡል ያሰናዱት ድግስ እስከ ዛሬ ይነሣል። ኋላም በአዲስ አበባው አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ እየገባ ይበላና ይጠጣ ነበር። እንዲህ ያለ ድግስ በግምት አይወጣም። ስንት ማር እንደ ገባ፣ ስንት ጋን እንደ ተጣለ፣ ለማን ምን እንደሚቀዳ የሚያውቅ አዛዥ ነበረው። ጠላውን የጠመቁት፣ ጌሾውን የወቀጡት፣ ገንቦውን በጀርባቸው የተሸከሙት ግን ሴቶች ናቸው። የጋባዦቹ ስም በታሪክ መጽሐፍ ተጽፏል፤ የእነሱ ግን አልተጻፈም።

ወደ እኛ ወደ መንዝና ግሼ ስንመለስ አዛዧም ጠማቂዋም ያቺው አንዲት እናት ነበረች። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ብርዳም ደጋ ነው። እህላችን ገብስ ስለሆነ ጠላችንም የገብስ ነው፤ ጌሾው ግን ሞቅ ካለው አገር በገበያ ይመጣል። በብርዱ ምክንያት ጠላው ለመድረስ ስለሚዘገይ፣ ብቅሉ የሚበቅለው ድግሱ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ገና ጥንስሱን ሳትጥል ሦስት ነገር መወሰን አለባት፦ ስንት ሰው ይመጣል፣ ስንት ጋን ይበቃል፣ ከጎተራ ስንት ቁና ገብስ ቢወጣ እስከ መጪው አዝመራ አንራብም። የመጀመሪያው ቅጂ ለካህናቱ፣ ለሽማግሌዎቹና ለክብር እንግዶቹ ይሆናል። ውኃ እየተጨመረ የሚቀጥለው ለሌላው ሰው ይቀርባል። ቅራሪው ለማግስቱ፣ ለቤተሰብና ድንኳን ለሚያፈርሰው ጎረምሳ ይተርፋል። በወረቀት አልተጻፈም እንጂ ይህ ትክክለኛ በጀት ነው።

ድግሱ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ጎረቤትና ዘመድ ጠላ በእንስራ፣ እንጀራ በሞሰብ ይዞ ይመጣል። ደጋሿ ማን ምን እንዳመጣች አትረሳም፤ ተራው ሲደርስ ትመልሳለችና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በሥራ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የጽዋ ማኅበሩም በተራ ስለሚዞር ማንኛዋም ቤት መቼ እንደምትደግስ አስቀድማ ታውቃለች።

የጠርሙስ ቢራ ወደ አገራችን የገባው ቀስ ብሎ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ቢራም ወይንም የከተማ ሰው መጠጥ ሆነው ቆዩ። መንገድ ሲሠራ፣ መብራት ሲገባ፣ ልጆቻችን ከተማ ተምረው ሲመለሱ ሳጥኑም አብሮ መጣ። በ2007 ዓ.ም. የሐበሻ ቢራ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የዳሽን ቢራ ፋብሪካ በደብረ ብርሃን ሥራ ጀመሩ። ቢራ የሩቅ ዕቃ መሆኑ ቀረና የገዛ ዞናችን ምርት ሆነ።

ሒሳቡ የተቋረጠው እዚህ ላይ ይመስለናል። የጠላው ወጪ ከጎተራ ይወጣል፤ የቢራው ወጪ ጥሬ ገንዘብ ነው። ጠላው ከድግሱ በፊት ይወሰናል፤ ቢራው በድግሱ መካከል በስልክ ይታዘዛል። ከሁሉ በላይ ግን ጋን ሥር አለው። ሲያልቅ ሁሉም ያያል፤ «ጠላው አለቀ» ማለትም ነውር አልነበረም፤ እንግዳው መርቆ ይነሣል። ሳጥን ግን ሥር የለውም። ባለሱቁ በዱቤ እስከ ሰጠ ድረስ ይመጣል፤ «ቢራ አለቀ» ከመባል ደግሞ ዕዳ ይሻላል ብለን ራሳችንን አሳምነናል።

ይህን ስንል የጠላው ዘመን ያለ ወጪ ነበር ማለታችን አይደለም። የእናቶቻችን ሒሳብም አንድ የጎደለው ነገር ነበረው፤ የራሳቸውን ድካም አልቆጠሩም። ውኃው ከምንጭ በጀርባ ይቀዳል፤ አሻሮው በኩበት ጭስ ይቆላል፤ ጌሾው በሙቀጫ ይወቀጣል። ለዚያ ሁሉ ቀን ሥራ ማንም ዋጋ አልተመነለትም። አንዲት እኅት «ጀርባዬ ይረፍ» ብላ ጥቂት ሳጥን ብትገዛ አንወቅሳትም። የምንጠይቀው የእናቷ ወሰን ለሳጥኑም እንዲበጅለት ነው።

እንዲህ ይሁን፦ 200 ሰው ተጠርቷል እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 120ው ቢራ ቢጠጡና ለእያንዳንዳቸው 3 ጠርሙስ ብንይዝ 360 ጠርሙስ ይሆናል። ሳጥኑ 24 ስለሚይዝ 15 ሳጥን ማለት ነው። ወይን የሚጠጡ 40 ሰዎች 2 ብርጭቆ ቢደርሳቸው 80 ብርጭቆ ነው። ባለ 750 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 5 ብርጭቆ ስለሚወጣው 16 ጠርሙስ ይበቃል። ለቀሪው 40 ሰው ጠላና ለስላሳ ይዘጋጃል። ይህን በዕለቱ ዋጋ አባዝቶ መጻፍ፣ ያልተከፈተ ሳጥን እንደሚመለስ ከባለሱቁ ጋር አስቀድሞ መስማማት፣ ባዶ ጠርሙሱን ቆጥሮ የመያዣውን ገንዘብ ማስመለስ፣ ቁልፉንም ለአንድ ታማኝ ሰው መስጠት ነው። የጠላው ገብስ፣ ጌሾና የጠማቂዋ ቀንም በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ።

ከእንግዲህ ለድግስ ብድር ስንጠይቅ የመጠጡን ገጽ ሞልተን እንምጣ። ሙሽሮቹ ጎጆ ሲወጡ የወላጅ ዕዳ እንዳይከተላቸው፣ ለሳጥናችን ሥር የምናበጅለት እኛው ነን።