ፊልሙ አንድ፣ ተመልካቹ ሁለት

የማነጋግራችሁ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ዛሬ ስለ እናንተው ስለ ተመልካቾቹ እናውራ። በስክሪን የምንታይ ሰዎች ሕዝቡን በፈለግነው መንገድ የምንነዳው ይመስለናል። ታሪክ ግን ሌላ ነው የሚለው።

ጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ ቀርጾ ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። የእንግሊዝ ተመልካች አዝኖ ለተራቡት ገንዘብ አዋጣ። ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው። በመካከሉ ግን የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል አስገብቶበት ነበር። በማግሥቱ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ታዲያ ያወረዳቸው ፊልሙ ነው? ከየካቲት 1966 ጀምሮ እኮ ታክሲ ነጂው፣ መምህሩ፣ ሠራተኛው፣ ወታደሩ ተነሥቶ ነበር። ፊልሙ በደረቀ እንጨት ላይ የተጫረ ክብሪት ነው። እንግሊዝ አገር ያዘነ ልብ አገኘ፤ አዲስ አበባ የተቆጣ ልብ አገኘ።

ረሀቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን የገጠመው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ያው መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በትልቅ ድግስ ሲያከብር ወሎና ትግራይ እንደገና ተርበው ነበር። በዓሉ እንዳይደበዝዝ ረሀቡ እንዳይወራ ተደረገ። ዓለም በስፋት ያወቀው ጥቅምት 13 ቀን፣ ቢቢሲ የማይክል ቡርክን ዘገባ ሲያሳይ ነው።

ሰው መልእክትን እንዴት እንደሚቀበል ከመረመሩት ታላላቅ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው እኛ በምንኖርበት በኦሃዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940፣ ሩዝቬልትና ዊልኪ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ ከኮሎምበስ በስተሰሜን በምትገኘው ኤሪ ካውንቲ 600 ሰዎችን ከሜይ እስከ ኖቬምበር እየተመላለሱ ጠየቁ። በምርጫ ቅስቀሳው ከአንዱ ወደ ሌላው የዞረው ሰው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው ያዳመጠው ቀድሞ ያመነበትን የሚያጸናለትን ነው። ሐሳብ በማስለወጥ በኩልም ከሬዲዮና ከጋዜጣ ይልቅ ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ በለጡ።

እንግዲህ ነገሩ ወደ እናንተ ይመጣል። እኔ እዚህ የተናገርኩትን ጎንደር ያለችው እናታችሁ የምትሰማው ከእኔ ላይሆን ይችላል። ቅዳሜ ስትደውሉላት “እንዲህ ተባለ” ካላችኋት፣ ወሬው የልጇ ቃል ይሆናል። ያንን አምና የአርባ ዓመት ጎረቤቷን ልትሸሽ ትችላለች፤ ቤቷን ጥላ ልትወጣም ትችላለች። እኛ ግን እዚህ በሰላም አድረን ጠዋት ሥራ እንሄዳለን።

ስለዚህ ስልኩን ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ምስል የትና መቼ ተነሣ? ከሌላው ጋር የገጠመው ማን ነው? ለምንስ ዛሬ ወጣ? የእኔን ንግግርም በዚሁ ወንፊት አሳልፉት። ካላለፈ አታስተላልፉት።

ቸር እንሰንብት።